መሐንዲስ በዐውደ ርእይ አዳራሽ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ አዘጋጆቹ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውሃ መውረጃ እናገራለሁ ብለው ጠብቀው እንደ ነበር አልጠራጠርም። እኔ ግን የመረጥሁት ርእስ በከተማችን በየጊዜው የሚከፈቱትን የሽመና ጥበብና የኅትመት ሥዕል ዐውደ ርእዮች የሚመለከት ነው። ርእሱን አስቀድሞ የሰማ አንድ ባልደረባዬ «ሥራ የፈታ መሐንዲስ ሥዕል ያያል» ሲል ቀለደብኝ። ቀልዱን በደስታ ተቀብያለሁ። ይሁን እንጂ ሥራ በዝቶብኝ ምንም ሳላይ በቆየሁበት ዘመን የሠራሁትን ጥፋት አስቀድሜ ብነግራችሁ፣ ወደነዚያ አዳራሾች ለምን እንደምመላለስ ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ተቀጥሬ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ለሠላሳ ሸማኔዎች የሚሆን የሥራ ቤት ንድፍ እንዳወጣ ታዘዝሁ። የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ነበር። ስለዚህ ለእህል መጋዘን ተዘጋጅቶ በብዙ ቦታ የተሠራበትን ፕላን ከመዝገብ ቤት አወጣሁ። በሩን አጠበብሁ፤ መስኮት ጨመርሁ፤ ወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ልሙጥ ኮንክሪት እንዲሆን አዘዝሁ። የመስኮቱን ደፍ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ከፍ አደረግሁት። ጣሪያው እንዳያፈስ፣ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ አስልቼ ነበር፤ እውነትም አላፈሰሰም፣ አልተሰነጠቀምም። ፕላኑ ላይ ፈረምሁ፤ ማኅተም ተመታበት፤ ቤቱም ተሠርቶ ተመረቀ።

ከሦስት ወር በኋላ ለምርመራ ስሄድ ወለሉ በሰባት ቦታ በድጅኖ ተፈልፍሎ አገኘሁት። ደሜ ፈላ። «ይህን ያደረገው ማነው?» ብዬ ጮኽሁ። ዕድሜያቸው ከሰባ የማያንስ አንድ ሸማኔ ቀስ ብለው ተነሡና፣ ያለ ቁጣ፣ «ልጄ፣ እግሬን የት ላድርገው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መልስ አልሰጠኋቸውም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ «ተጠቃሚዎቹ በሕንጻው ላይ ጉዳት አድርሰዋል፤ ስለ ንብረት አያያዝ ትምህርት ሊሰጣቸው ይገባል» የሚል ሪፖርት ጻፍሁ። ሪፖርቱ በጥሩ ሁኔታ ተቀባይነት አገኘ።

ክቡራን አባላት፤

የዚያን ሽማግሌ ጥያቄ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ድንገት ዝናብ ጣለና ለመጠለል ብዬ በአቅራቢያዬ ወዳገኘሁት አንድ ትንሽ አዳራሽ ገባሁ። በውስጡ የሽመና ሥራዎች ዐውደ ርእይ ይታይ ነበር። ከጣሪያው ላይ ረጃጅም ጨርቆች ተንጠልጥለዋል፤ ከመካከላቸው ግን አንድ የሽመና ዕቃ ከነድሩ ተዘርግቶ ቆሟል። አዘጋጁ የአዳራሹን ወለል መቆፈር ስላልተፈቀደለት ከሳንቃ ከፍ ያለ መድረክ ሠርቶ፣ ሸማኔው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ከመድረኩ ላይ ከፍቶታል፤ የመድረኩንም አንድ ጎን ሳይሸፍን ትቶታል። በዚያ በኩል የቆመ ሰው ከወለል በላይ ያለውን የሸማኔውን ወገብና እጅ፣ ከወለል በታች ያለውንም እግሩን በአንድ ጊዜ ያያል። እኛ በሙያችን «ሴክሽን» የምንለው ማለት ነው!

ቆሜ ቀረሁ። የሸማኔው ሁለት እግሮች ከጉድጓዱ ውስጥ ተንጠልጥለው መርገጫዎቹን በየተራ ይረግጣሉ። አንዱ ሲወርድ የድሩ እኩሌታ ከፍ፣ ሌላው እኩሌታ ዝቅ ይላል፤ በመካከላቸው በሚከፈተው ጠባብ መንገድ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ ያልፋል። ድሩ ከፊት ለፊት ራቅ ካለ ካስማ ጋር ታስሮ ተወጥሯል፤ ያለዚያ ውጥረት ጨርቅ የለም። ጨርቁ የሚሠራበት ከፍታ ከወለሉ ብዙም አይርቅም፤ የሸማኔውም ዐይን ከእርሱ በላይ ጥቂት ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ጥፋቶቼ ከፊቴ ቆሙ። የሸማኔው ጉድጓድ የሥራው ሞተር ክፍል ነው፤ እኔ ግን በኮንክሪት ደፍኜዋለሁ። ብርሃኑ የሚያስፈልገው ከወለሉ አጠገብ ነው፤ እኔ ግን ቆሞ እህል ለሚጭን ሰው በሚስማማ ከፍታ ላይ አደረግሁት። ከወለል በላይ ያለውን ሁሉ አስልቼ ነበር፤ ከወለል በታች የሰው እግር እንዳለ ግን አላየሁም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዐውደ ርእይ መመልከትን ከሙያዬ ጋር አያይዤ ልማድ አድርጌዋለሁ። ሥዕልና ሽመና አእምሮን እንደሚያዝናኑ ሌሎች በሚገባ ተናግረዋል፤ እኔ የምጨምረው እነዚህ አዳራሾች ከመንደፍ በፊት ማየትን እንዴት እንደሚያስተምሩ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጨርቁ ልናገር። አንድ ነጠላ በዐውደ ርእይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ብዙ ጊዜ ዐይናችን የሚያርፈው በጥበቡ ላይ ነው። እኔ ግን ስፋቱን እንድትመለከቱ እለምናችኋለሁ። በእጅ የሚወረወር መወርወሪያ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው ስለሚያልፍ፣ የጨርቁ ስፋት ሸማኔው ተቀምጦ እጁን ሊዘረጋ ከሚችለው ልክ አይበልጥም። ስለዚህ ለሰፊ ልብስ ጨርቁ ይደረባል፣ ይጋጠማል፤ ጋቢ አራት ድርብ የሚሆነውም ከዚሁ ጠባብ ጨርቅ ነው። በእንግሊዝ አገር ጆን ኬይ በ1733 እ.ኤ.አ. በገመድ ተስቦ የሚበር መወርወሪያ እስኪያወጣ ድረስ የአውሮፓም ሸማኔ በዚሁ በክንዱ ልክ ታስሮ ይኖር ነበር። እንግዲህ ጨርቅ የሰው አካል መለኪያ ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከጨርቁ በፊት ደግሞ ፈትሉ አለ። ጥጡን ከፍሬው ለይተው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የሚፈትሉት እናቶቻችን ናቸው፤ ሸማኔው የሚሠራው በእነርሱ እጅ ጥራት ላይ ተመሥርቶ ነው። አንድ ወጥ የሆነ ክር በእንዝርት ማውጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለመረዳት የፈለገ ሰው አንድ ክንድ ያህል ፈትሎ ይሞክር። እኔ ሞክሬ በሦስት ቦታ በጠሰብኝ፤ በአራተኛው ደግሞ ገመድ አከለ።

በጥንት ዘመን አባቶቻችን በዚህ ጥበብ የት ደርሰው እንደ ነበር የሚመሰክር አንድ ሥራ በለንደን በሚገኘው በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። ይኸውም በ18ኛው መቶ ዓመት በጎንደር የተሠራ፣ ከ5 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የሐር መጋረጃ ነው። በላዩ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ይታያሉ ተብሎ ይታመናል። የተሠራው ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ገበታዎች ውስጥ ክር አሳልፎ፣ ገበታዎቹን በማዞር ድሩን በመቆለፍ ነው። እያንዳንዷ ዙር የምስሉን አንድ መስመር ትወስናለች፤ በአንዷ ዙር የተሠራ ስሕተትም ሥራው ካልተፈታ በቀር አይታረምም። መጋረጃው ከአገር የወጣው በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ነው። እኛ ዛሬ በፎቶግራፍ እንጂ በአካል አናየውም። ከአንድ ሕዝብ ዐይን የራቀ ጥበብ ከእጁም እንዳይርቅ ያሰጋል፤ ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚታየውን ትንሹን ዐውደ ርእይ አንናቅ።

ስለ መናቅ ካነሣሁ ዘንድ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማወጃቸውን እናስታውስ። ሸማኔው፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪው በሙያቸው ይሰደቡ ስለ ነበር ነው እንዲህ ያለ ዐዋጅ ያስፈለገው። እኛ መሐንዲሶች ለራሳችን የዘር ሐረግ ብንፈልግ ከነዚህ ሰዎች ወገን ነን። እኔም ሸማኔን በአፌ ሰድቤ አላውቅም። ነገር ግን ምን ያህል ዕውቀት እንዳለው ሳልጠይቅ «ትምህርት ይሰጠው» ብዬ መጻፌ በማኅተም የተደገፈ ስድብ እንደ ነበር ዛሬ ይገባኛል።

ክቡራን አባላት፤

የሽመናና የምሕንድስና ዝምድና በዚህ አያበቃም። ፈረንሳዊው ዦሴፍ ማሪ ዣካር በ1804 እ.ኤ.አ. ገደማ የተቀዳደዱ ካርቶኖች ድሩን እንዲመሩ አድርጎ የሠራው የሽመና ማሽን፣ በኋላ ቻርልስ ባቤጅ ላሰበው የማስሊያ ማሽን አርአያ ሆኗል። ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሣል፤ ከሌለ ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተርም በመሠረቱ የሚያውቀው ይህንኑ ሁለት ነገር ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. ሰውን ወደ ጨረቃ የመራው ኮምፒዩተር ቋሚ ትእዛዙን የያዘው በሴቶች እጅ በተሸመነ የመዳብ ሽቦ ውስጥ ነበር። በዶርዜ ሰፈር ድሩን በጣቱ እየቆጠረ ጥበብ የሚያስገባው ሸማኔ ከዚህ የሂሳብ ቤተሰብ ውጭ አይደለም።

ይህን ዝምድና በዐይን ማየት የሚፈልግ የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ይመልከት። ይህ ሠዓሊ በመጀመሪያ በጨርቅ ላይ በመርፌና በክር እየሰፋ ይሠራ ነበር፤ በኋላ ደግሞ ከወዳደቁ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችና የኮምፒዩተር ሰሌዳዎች ትላልቅ ሥራዎችን መሥራት ያዘ። ባለ ቀለም ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የሚታይ የእርሻ ማሳ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን እኛ «ቆሻሻ» ብለን የጣልነው ዕቃ ነው። ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተውና በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳውም በጭቃና በጭድ የተሠራ ነው። ስለ አካባቢ የግንባታ ዕቃ በየጉባኤው ከምንነጋገር አንድ ቀን ሄደን ግድግዳውን በእጃችን ብንዳስስ ይሻላል።

አሁን ወደ ኅትመት ሥዕል ልለፍ። በአገራችን ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት በ1950 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የኅትመት ሥዕልም ብዙ ሳይቆይ ቦታ አገኘ። ጀርመናዊው የእንጨት ኅትመት ሠዓሊ ሃንሰን ባሂያ ከ1963 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ አስተምሯል፤ ከተማሪዎቹም አንዱ በኋላ ስሙ የገነነው ዘሪሁን የትምጌታ ነው። ዛሬም በየዓመቱ የትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ የኅትመት ሥዕሎችን ማየት ይቻላል።

የሥራው አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሠዓሊው በእንጨት ሰሌዳ ላይ ነጭ እንዲሆን የሚፈልገውን ሁሉ በመሮ ይፈለፍላል። የቀረው ገጽ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ይጫንበታል። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይታተማል፤ ስለዚህ ሠዓሊው ሁሉን ነገር ገልብጦ ማሰብ አለበት። ብዙ ቀለም ከፈለገ አንዱን ሰሌዳ ደጋግሞ እየፈለፈለ የሚያትምበት መንገድም አለ። በዚያ ጊዜ ሁለተኛው ቀለም ሲታተም የመጀመሪያው ሰሌዳ ጠፍቷል፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

በአንድ የተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራች ወጣት ጋር ተነጋገርሁ። ብትሳሳት ምን እንደምታደርግ ስጠይቃት ሣቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ እንጨት ላጲስ የለውም። ስለዚህ መሮውን ከማንሣቴ በፊት ብዙ ቀን ዝም ብዬ አየዋለሁ» አለችኝ። እኔ በላጲስ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከላጲስም የበለጠ ይቅር ይላል። ኮንክሪት ግን እንደ እንጨቱ ላጲስ የለውም። በወረቀት ላይ የለመድነው ይቅርታ መሬት ላይ ሲደርስ ያልቃል።

ከዚያች ወጣት ሥራ ሌላም ነገር ተማርሁ። በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ በእርሳስ 3/20፣ 4/20 እየተባለ ተጽፏል። ይህም ከሰሌዳው ሃያ ቅጅ ብቻ እንደ ታተመና የያዝነው ስንተኛው እንደሆነ ይነግረናል። በልማዱ መሠረት ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ሰሌዳው ዳግም እንዳይታተምበት ይሰረዛል። ከዚህም በላይ ሠዓሊዋ ሃያውን ወረቀት አንድ በአንድ አይታ፣ ቀለሙ ያልያዘውን ጥላ፣ የቀረውን ፈርማበታለች።

ጓደኞቼ፣ እኛም አታሚዎች ነን። አንድ ፕላን አውጥተን ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለመጋዘን በመቶ ቦታ እናባዛለን። ማባዛቱ በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ ሕዝብና ጥቂት ገንዘብ ላለው አገር ያስፈልጋል። ነገር ግን የእኛ ቅጅ ቁጥር የለውም፤ ሰሌዳችን አይሰረዝም፤ ፈራሚውም ወረቀቱን እንጂ የሚቆምበትን ቦታ አያይም። እኔ የሸማኔዎቹን ቤት ከእህል መጋዘን ስባዛ የፈረምሁት እንደዚያ ነበር። ሠዓሊዋ ለአንድ ወረቀት የሰጠችውን ትኩረት ለሠላሳ ሰው እንጀራ አልሰጠሁም።

እንግዲህ ጊዜ ያላችሁ ሁሉ እንድትጎበኙ የምመክራችሁን ቦታዎች ልጥቀስ። በስድስት ኪሎ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የእጅ ሥራዎችን ከልደት እስከ ሞት በሰው ሕይወት ቅደም ተከተል አድርጎ ያሳያል። የዩኒቨርሲቲው ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም (የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል)፣ እንዲሁም የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመራቂዎች ትርኢት አሉ። ሽሮ ሜዳ ደግሞ በር የሌለው ዐውደ ርእይ ነው። ስትሄዱ እርሳስና ወረቀት ያዙ። ጨርቅ ካያችሁ፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ ጀርባውን ተመልከቱ፤ አሠራሩ የሚታወቀው በጀርባው ነውና። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አሠራሩን ጠይቁ።

እኛም በፈንታችን የምንሰጠው አለን። ብዙዎቹ አዳራሾቻችን ለሌላ ሥራ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ የቀጥታ ፀሐይ በጨርቁና በወረቀቱ ላይ ሲያርፍ አያለሁ። ለጨርቅና ለወረቀት ሥራዎች በሙዚየሞች ዘንድ የተለመደው የብርሃን መጠን 50 ሉክስ ያህል ነው። ብርሃን በቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ይጠራቀማል እንጂ አይመለስም። መስኮት መጋረድ፣ የመብራቱን ኃይል መለካት፣ እርጥበትን መቆጣጠር ለእኛ ቀላል ነገር ነው። ማኅበራችን ሁለትና ሦስት አባላቱን መድቦ ለአንድ አዳራሽ ይህን ቢሠራ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት የጀመርሁትን ታሪክ ልጨርስ። ባለፈው ዓመት ወደዚያ የሸማኔዎች ቤት ተመልሼ ነበር። ሠላሳዎቹም ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። አፋቸው በድንጋይ ተገንብቷል፤ ውሃ እንዳይቋጥሩም ከሥራቸው ጠጠር ተደልድሏል። ከመስኮቶቹ ግማሾቹ ወደ ታች ተቀድደው ብርሃኑ በድሩ ላይ ያርፋል። ያለ መሐንዲስ የተሠራ ነው፤ ከእኔ ሥራም ይሻላል። ሽማግሌውን በሕይወት አገኘኋቸው፤ ዐይናቸው ግን ደክሟል። «አባቴ፣ ያን ጊዜ ለጠየቁኝ መልስ ይዤ መጣሁ» አልኋቸው። እርሳቸውም ረስተውት ኖሮ ምን እንደ ጠየቁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲያውስ ና ተቀመጥ» ብለው እግሬን ከጉድጓዳቸው ውስጥ አስገቡኝ።

በተቀመጥሁበት ጥልቀቱን፣ የመርገጫውን ርቀት፣ የመስኮቱን ከፍታ ለካሁ፤ እርሳቸው እያረሙኝ ሴክሽኑን ነደፍሁ። ንድፉን ለመሥሪያ ቤቱ አስገብቼ በመዝገቡ ውስጥ ተቀምጧል። ስለ ንብረት አያያዝ የጻፍሁት ሪፖርትም እዚያው መዝገብ ውስጥ አለ፤ እንዲወጣ አልጠየቅሁም። ወደፊት መዝገቡን የሚከፍት ወጣት መሐንዲስ ሁለቱንም አንድ ላይ ቢያነብብ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ማናቸውም አባላችን ሰው ለሚሠራበት ቤት በሚያወጣው ፕላን ላይ ከመፈረሙ በፊት፣ ሠራተኛው በሚቀመጥበት ቦታ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ይህን ልማድ ለመጀመር የሚከብደው ካለ፣ በመጪው ቅዳሜ ከእኔ ጋር ወደ ዐውደ ርእይ ይምጣ።